ሶላሩ ሞቋል፣ ሙቅ ውሃው ግን ሻወር አይደርስም፤ አየር ይዞት ይሆን? (አዳማ)

ሠላም_ፍራንኮ

ሰላም ለሁላችሁም። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምንኖረው፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት። ጣሪያው ላይ ሮቶ አለ። ከአጠገቡ ባለ መስታወት ቱቦ ሶላር ተገጥሟል። እስካሁን አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም።

በቅርቡ ውሃ ጠፍቶ ሰነበተና ሮቶው እስከ ታች ደረቀ። ውሃው ሲመጣ ቀዝቃዛው ወዲያው ተመለሰ። ሙቁ ግን አልተመለሰም። ፎቅ ያለውን ሻወር ስከፍት መጀመሪያ እየተንተፋተፈ ትንሽ ይወርዳል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል። ምድር ቤት ማድ ቤት ያለው ደግሞ ቀጠን ብሎም ቢሆን ይወርዳል።

አንድ ባለሙያ መጥቶ «ሶላሩ አብቅቶለታል፣ ቀይሩት» አለን። ሌላው «ፓምፕ ካልተገጠመ አይሆንም» አለ። እናቴ የጉልበት ሕመም አለባት፤ ማታ በሙቅ ውሃ ካልታጠበች እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ።


ቧንቧና_መፍቻ

እህቴ፣ ሶላር ለመግዛት አትቸኩሉ። ፓምፑንም ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ።

ሙቁ መስመር ከሶላሩ ከወጣ በኋላ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው ወይስ መጀመሪያ ወደ ላይ ይነሳል? የጣሪያውን ጠርዝ ግንብ የሚሻገርበት ቦታ አለ?

ሶላሩ አናት ላይ ክፍት የሆነ ቀጭን ቱቦ ቆሟል? ካለስ አፉ ክፍት ነው ወይስ ተደፍኗል?

ሌላው ደግሞ፣ ፀሐይ በጠናበት ሰዓት ሙቁን ቱቦ ከሶላሩ መውጫ ጀምረሽ በእጅሽ ዳብሺው። ቶሎ ብለሽ ነካ አድርገሽ እጅሽን አንሺ፣ ያቃጥላል። የት ድረስ እንደሚሞቅ፣ የት ላይ እንደሚቀዘቅዝ ንገሪኝ።


ሠላም_ፍራንኮ

ወንድሜን ጣሪያ ላይ አስወጥቼው አየልኝ። ቱቦው ከሶላሩ ወጥቶ ጥቂት ጋደም ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ግንቡን ለመሻገር ወደ ላይ ይነሳና በውጭ በኩል ይወርዳል። ግንቡ እስከ ወገቡ ይደርሳል። እስከ ግንቡ ድረስ ቱቦው ይፋጃል፣ ከግንቡ ማዶ ያለው ግን ቀዝቃዛ ነው። አናቱ ላይ ያለው ቀጭን ቱቦ ክፍት ነው፣ የወፍ ላባና አቧራ ግን ነበረበት፤ ጠርጎታል።


ቧንቧና_መፍቻ

ወንድምሽ ጎበዝ ነው፣ መልሱን ይዞልሽ ነው የወረደው። ሶላራችሁ ደህና ነው። ቱቦው እስከ ግንቡ ድረስ የሚፋጅ ከሆነ ማሞቁን እያሞቀ ነው። ውሃው የሚያልፍበት መንገድ ብቻ ነው የጠፋው። መንገዱን የዘጋው ደግሞ አየር ነው።

ሮቶው ሲደርቅ ቧንቧው ውስጥ የነበረው ውሃ ወረደ፣ ቦታውን አየር ያዘው። ውሃው ሲመለስ አየሩ መሸሽ የሚችለው ወደ ላይ ብቻ ነው። ሄዶ ሄዶ ግንቡ ላይ ያለው ጉብታ አናት ላይ ተሰበሰበ። ከዚያ የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም። ውሃው ገፍቶ እንዳያወጣው ደግሞ ጉልበት የለውም። ከሮቶ የሚመጣ ውሃ ጉልበቱ ከፍታው ነው፤ በየ 1 ሜትሩ 0.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ነው የሚገኘው። ሮቶው ከፎቁ ሻወር 2 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ ያላችሁ 0.2 ባር ነው። በዚያ ላይ ጉብታው ውስጥ የተቀመጠው አየር ከዚህችው ላይ ይበላል። ማድ ቤቱ ግን አንድ ፎቅ ዝቅ ስለሚል የተሻለ ግፊት አለው፤ ቀጠን ብሎ የሚወርደው ለዚህ ነው።

«ቀዝቃዛው መስመርም አየር ገብቶበት ነበር፣ ታዲያ ለምን እሱ ተስተካከለ?» ብትዪ፣ አንደኛ ቀዝቃዛው ከሮቶው ሥር ወጥቶ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ ጉብታ የለውም። ሁለተኛ ውሃ ሲሞቅ ውስጡ ሟሙቶ የነበረውን አየር ይለቃል። ድስት ሲጣድ ገና ሳይፈላ ግድግዳው ላይ የምናያቸው ትናንሽ አረፋዎች እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሙቅ መስመር ውሃ ባይጠፋም ቀስ በቀስ አየር ያጠራቅማል።

አሁን ምን ታደርጋላችሁ? ቀላሉን አስቀድሙ። ሮቶው ጢም ብሎ ይሙላ። ፎቅ ያለውን ሙቅ ሁሉ ዝጉ። ምድር ቤት ያለውን ሙቅ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ተዉት። ጎርፎ ከተስተካከለ ከዚያ ፎቁን ክፈቱ። አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይበቃል።

እምቢ ካለ ከታች ወደ ላይ መግፋት ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ቧንቧ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ከሆነ ከሮቶው የበለጠ ግፊት አለው። ንጹሕ ጎማ ከዚያ ቧንቧ ወደ ፎቁ ሻወር ሳቡ። የሻወሩን ጭንቅላት ፍቱና ጎማውን እዚያ ላይ በደንብ እሰሩ። ሚክሰሩን (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለውን) ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቅ አዙሩት። ሌላው ሙቅ ቧንቧ ሁሉ ዝግ ይሁን። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ቆሞ ያዳምጥ። ከዚያ የግቢውን ቧንቧ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ውሃው በሙቁ መስመር ወደ ኋላ ተመልሶ አየሩን ወደ ሶላሩ ይገፋዋል። ሶላሩ ውስጥ ሲንቦጫቦጭ ይሰማል፣ አየሩም በክፍቱ ቱቦ ይወጣል። ጥቂት ሰኮንድ ገፍታችሁ ዝጉ፣ ደግሞ ክፈቱ። ሲንቦጫቦጭ የነበረው ድምፅ ሲጠፋ በቃ ነው።

ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ያ ክፍት ቱቦ በእርግጥ ክፍት መሆኑን እንደገና አረጋግጡ። ይህ ዓይነት ሶላር ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ አይደለም። መውጫው ተደፍኖ ከታች ከተገፋ ታንከሩ ያብጣል፣ ሊቀደድም ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ጎማውን ወዲያው ፍቱት። ተረስቶ ተገጥሞ ካደረና የመንገዱ ውሃ ከጠፋ፣ ከቤት ያለው ውሃ ወደ ሰፈሩ መስመር ተመልሶ ሊሳብ ይችላል። ጎረቤት የሚጠጣው ውሃ ነው።


እትዬ_ቀጸላ_ሰፈር

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። አየር የያዘው ሙቅ ውሃ አመጣጡ አይታወቅም። ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ቱፍ ብሎ የሚፋጅ ውሃ ይረጫል። ሥራው ሲሠራ ሕፃን ልጅ መታጠቢያ ቤት አይግባ። እናትሽም መስመሩ እስኪስተካከል በባልዲ አቀዝቅዘሽ ብትሰጫት ይሻላል። የእኛ አገር ፀሐይ ቀላል አይደለችም። በበጋ ቀን ውሃው ሳይነካ ከዋለ ቆዳ ይልጣል።


ቧንቧና_መፍቻ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ትክክል ነው። ውሃ አዳማ ላይ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከተማው ከ 1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ። ቀኑን ሙሉ ሳይነካ የዋለ ሶላር ከዚያ ብዙም ላይርቅ ይችላል። 60 ዲግሪ እንኳ በጥቂት ሰኮንድ ያቃጥላል።


ሐይቅ_ዳር

እኔ ሐዋሳ ነኝ። ይቅርታ ግን፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ትንሽ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ብታደርጉ አየሩን ጠራርጎ ይወስደዋል፣ ሻወሩም እንደ ሆቴል ይወርዳል። እኔ እንደዚያ አድርጌ ተገላግያለሁ።


ቧንቧና_መፍቻ

ወንድሜ፣ ያንተ ቤት ምን ዓይነት ሶላር እንዳለ አላውቅም። ግፊት የሚችል ከሆነ ጥሩ። የእሷ ግን ክፍት ነው። ፓምፑ ወደ ሶላሩ በሚገባው መስመር ላይ ከተገጠመ፣ ወይ ውሃው በክፍቱ ቱቦ ጣሪያ ላይ ይፈስሳል፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው «ይፈስሳል» ብሎ ቱቦውን ይደፍነውና ታንከሩ ይበላሻል። እንደዚህ የተጎዱ ታንከሮች በዓይኔ አይቻለሁ። የተገላቢጦሹም አለ። መውጫው ተደፍኖ ውሃው በፍጥነት ሲወርድ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፤ አየር የሚተካው ስለሌለ።

ፓምፕ መግጠም ካስፈለገ ከሶላሩ በኋላ፣ ሙቁ መስመር ላይ፣ ሙቅ ውሃ የሚችል ተመርጦ ነው። ያኔም ጉብታው እዚያው ካለ ፓምፑ አየር ይስብና ይጮኻል፣ ውሎ አድሮ ይቃጠላል። መጀመሪያ መንገዱ ይጽዳ፣ ከዚያ ግፊቱ ካነሰ ስለ ፓምፕ እንነጋገር።


ከኦስሎ_የአዳማ_ልጅ

አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁን የምኖረው ኦስሎ ነው። ይህን ሳነብ እዚህ በየክረምቱ የምናደርገው ነገር ትዝ አለኝ። አንዳንድ ቤቶች የሚሞቁት በራዲያተር ነው። በየክፍሉ ግድግዳ ሥር የብረት ሰሌዳ አለ፣ ውስጡ ሙቅ ውሃ ይዞራል። አየር ሲገባበት ልክ የእናንተውን ነው የሚሆነው። አየሩ ከላይ ይቀመጣል፣ ውሃው እዚያ አይደርስም። ራዲያተሩን በእጅ ሲነኩት ከታች ሙቅ፣ ከላይ በረዶ ነው። ውስጡ ሲንኮራኮርም ይሰማል።

መፍትሔው እዚህ ተዘጋጅቶለታል። ከራዲያተሩ ጫፍ፣ ከላይ በኩል፣ ትንሽ ቡሎን አለች። ማሞቂያው ይጠፋል፣ ጥቂት እንዲቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከሥር ኩባያና ጨርቅ ይያዛል። ቡሎኗ በልዩ ቁልፍ ወደ ግራ ግማሽ ዙር ያህል ትላላለች፤ ጨርሶ አትፈታም። ሽሽ እያለ አየሩ ይወጣል። ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር መዝጋት ነው። ባለ ፎቅ ቤት ከሆነ ከታችኛው ፎቅ ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል። መጨረሻ ላይ የግፊት መለኪያው ይታያል፤ በተራ መኖሪያ ቤት ሲቀዘቅዝ ከ 1 እስከ 1.5 ባር ቢሆን ጥሩ ነው። ከወረደ ውሃ ይጨመርለታል።

አንድ ልዩነት አለ። ራዲያተሩ ከላይ ሙቅ ሆኖ ከታች መሃሉ ከቀዘቀዘ አየር አይደለም፣ ከሥሩ የተኛ ጥቁር የዝገት አተላ ነው። እሱ በማስተንፈስ አይድንም፣ መታጠብ አለበት። በእጅ ዳብሶ የት እንደሚቀዘቅዝ ማየት እዚህም የመጀመሪያው ምርመራ ነው።

እና ጋሼ ቧንቧና መፍቻ፣ እንደዚህ ያለች የአየር ማስወጫ እዚያ ጉብታው ላይ መግጠም አይቻልም?


ቧንቧና_መፍቻ

ይቻላል፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። በራሱ የሚሠራ የአየር ማስወጫ ቫልቭ አለ። ውስጡ ተንሳፋፊ አለው። አየር ሲመጣ ይከፍታል፣ ውሃ ሲደርስ ይዘጋል። ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ካጋደለ ይንጠባጠባል። ግን ዝቅተኛ ግፊት ባለበት የጣሪያ መስመር ላይ አቧራና ነጭ ደለል ቶሎ ያስቸግረዋል። የአዳማን ነፋስና አቧራ ደግሞ ታውቀዋለህ።

እኔ የምመርጠው ተራውን ነገር ነው። ጉብታው አናት ላይ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) ተገጥሞ፣ ከዚያ ግማሽ ኢንች ቱቦ ወደ ላይ ይነሳል። ጫፉ ከሮቶው ከፍተኛ የውሃ ልክ በላይ ይደርስና እንደ ከዘራ ወደ ታች ይታጠፋል፣ አቧራና ዝናብ እንዳይገባ። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ ስለዚህ የሚበላሽ ነገርም የለውም። ከሮቶው ልክ ዝቅ ካለ ግን ውሃው በእሱ ይፈስሳል። ከፍታው በዓይን ግምት አይሁን፤ ውስጡ በሚያሳይ ጎማ ውሃ ሞልታችሁ ልኩን ውሰዱ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ጉብታውን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ግንቡን በላይ ከመሻገር በሥሩ ቀድዶ ማለፍ። ቱቦው ከሶላሩ ጀምሮ ያለማቋረጥ ቁልቁል ከሄደ አየሩ በገዛ እጁ ወደ ሶላሩ ተመልሶ ይወጣል። ከጅምሩ እንዲህ ቢገጠም ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ገጣሚዎች ግንብ መቅደዱ ስለሚሰለቻቸው በላይ ያሻግሩታል፣ ባለቤቱ ደግሞ ዓመት ሙሉ ይከፍላል። ይሄ ያናድደኛል።


ሠላም_ፍራንኮ

ተሳካ! የመጀመሪያው ዘዴ ማድ ቤቱን አጎረፈው፣ ፎቁ ግን ያው ነበር። ስለዚህ በጎማው ገፋን። ወንድሜ ጣሪያ ላይ ሆኖ «ይንቦጫቦጫል፣ ይንቦጫቦጫል» እያለ ይጮህ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየን። ክፍቱ ቱቦ ትንፍስ ትንፍስ አለ፣ ከዚያ ጥቂት ውሃ ተፋና ጸጥ አለ። ጎማውን ፈትተን ሻወሩን ስንከፍት ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ቀጥ ብሎ ወረደ። እናቴ ምርቃቷን ለሁላችሁም አድርሱልኝ ብላለች፤ በተለይ ለጋሼ።

የሻወሩን ጭንቅላት ስንፈታው ነጭ ደለል ሞልቶት አገኘነው። እሱስ ምን ይደረግ? ደግሞም አሁን ውሃ ድጋሚ ቢጠፋ ያው ነገር ይመጣል?


ቧንቧና_መፍቻ

እሰይ! ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ደለሉን አቼቶ ይፈታዋል። ጭንቅላቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ይደር። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጊው። የሚክሰሩን ወንፊትም እንደዚሁ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ አሸዋና ዝገት ይዞ ስለሚመጣ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ከፍቶ እስኪጠራ ማፍሰስ ጥሩ ነው።

አዎ፣ ጉብታው እስካለ ድረስ ሮቶው በደረቀ ቁጥር ይመለሳል። እስኪስተካከል ድረስ ሮቶው ጨርሶ እንዳይደርቅ ጠብቁ። ውሃ በፈረቃ ከሆነና ሊያልቅ ከተቃረበ ሙቁን መጠቀም አቁሙ።

አሁን ለሌሎችም የሚሆን ከባድ ማስጠንቀቂያ ልናገር። ሶላሩ ውሃ አልቆበት ፀሐይ ላይ ከዋለ በጠራራ ፀሐይ ውሃ አትልቀቁበት። ባዶ የመስታወት ቱቦ ፀሐይ ላይ ከ 200 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጧ ብሎ ይፈነዳል። ውሃው እኩለ ቀን ላይ ከመጣ የሶላሩን መግቢያ ዝጉ፣ ሮቶው ብቻ ይሙላ። ሶላሩን ማታ ከቀዘቀዘ በኋላ ወይም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሙሉት። ውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለው ደግሞ ብሬከሩን አጥፉት፣ ውሃ ሳይኖር ከበራ ይቃጠላል።


ሐይቅ_ዳር

ይሄን የመስታወቱን ነገር አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የእኔም ሶላር ክፍት መሆኑን ዛሬ ወጥቼ አየሁ፤ ፓምፑ ከሶላሩ በኋላ ስለተገጠመ ነው የተረፍኩት።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሐዋሳ ያለችው እህቴ ቤት ባለ 50 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር አለ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ቦይለሩ ይጮኻል፣ ያጉረመርማል። አየር ነው?


ቧንቧና_መፍቻ

ውሃ እንደመጣ የሚሰማው አየር ሊሆን ይችላል። የቦይለሩን ብሬከር አጥፉ። ሙቁን ቧንቧ ክፈቱና ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ተዉት። በቦይለር ውስጥ ሙቁ የሚወጣው ከአናቱ ስለሆነ አየሩ በዚያው ተከትሎ ይወጣል፣ ሌላ ዘዴ አያስፈልግም። ውሃው ሳይቆራረጥ ከወረደ በኋላ ብቻ አብሩት።

አየሩ ወጥቶም ሲሞቅ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ማሞቂያው ላይ ነጭ ደለል ተጋግሯል ማለት ነው። እሱ ተከፍቶ መጽዳት አለበት፤ የማግኒዥየሟም ዘንግ አብራ ትታይ፤ ካለቀች ትቀየር፣ አለበለዚያ ታንከሩን ዝገት ይበላዋል። ቦይለሩ መግቢያ ላይ ያለችው የግፊት ቫልቭ ሲሞቅ ብትንጠባጠብ ሥራዋ ነው። «ትንጠባጠባለች» ብላችሁ እንዳትደፍኗት። እሷን ደፍኖ ቦይለር ማብራት ለሕይወት ያሰጋል።


እትዬ_ቀጸላ_ሰፈር

ልጄ፣ ውሃ ሊመጣ ሲል ቧንቧው ፉ ፉ ሲል ቆጣሪው ይሽከረከራል። አየሩንም ይቆጥረዋል እንዴ?


ቧንቧና_መፍቻ

አዎ እትዬ፣ ብዙዎቹ ቆጣሪዎች በውስጣቸው የሚያልፈውን ነገር ነው የሚቆጥሩት፤ አየርም ያሽከረክራቸዋል። ውሃ በጠፋ ሰዓት ቧንቧዎትን ሁሉ ዝግ አድርገው ያቆዩ። የሮቶውንም መግቢያ ቫልቭ ይዝጉ፣ ውሃው መምጣቱን አረጋግጠው ይክፈቱ። ክፍት ቧንቧ ካለ የሰፈሩ መስመር አየር በእርስዎ ቤት በኩል ነው የሚወጣው።


ሠላም_ፍራንኮ

ጋሼ፣ ግንቡን ቀድዶ የሚያሳልፍ ሰው አግኝተናል። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ይሻላል አለን። ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ?


ቧንቧና_መፍቻ

ፒፒአር ጥሩ ነው፣ ግን ለሙቅ ውሃ የሚሆነውን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር አለበት። ሲሞቅ ስለሚረዝም ግንቡ ውስጥ በሲሚንቶ ጥርቅም አድርጎ አይያዝ፤ ሰፋ ባለ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ማሰሪያዎቹ ይቀራረቡ፣ በመሃል ከረገበ አዲስ ጉብታ ትፈጥራላችሁ። ፀሐይ እንዳይበላው ይሸፈን። ቁልቁለቱን ራሳችሁ በውሃ ልክ ተመልከቱ፣ በየ 1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ይበቃል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሮቶውን ዝጉና ሙቁን መስመር በማታ አፍስሱት። እንደገና ሙሉት። ፎቁ ሻወር ያለ ጎማ በራሱ ከወረደ ሥራው አልቋል።